እጅጌ ውስጥ የቀረው ማይክ

«አንቺ ብቻ ጠይቂኝ» አለ አባቷ፣ ከቁም ሳጥኑ ወዲያ። «በየቀኑ ጠይቂኝ።»

እናቷም አንድ ነገር መለሰች። ምን ብላ እንደመለሰች ግን ጊዜ በልቶታል።

ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ትኩሳት ይዟት ከትምህርት ቤት የቀረች ዕለት ነው፤ ቀትር ላይ፣ መጋረጃው ተጋርዶ፣ ግማሽ እንቅልፍ ግማሽ ቅዠት ውስጥ ሆና። ቤታቸው አንድ ክፍል ነበር፤ ሁለት ያደረገው ቁም ሳጥኑ ነው። ከወዲህ የእሷ አልጋ፣ ከወዲያ የእነሱ ሹክሹክታ። ምኑን እንደምትጠይቀው፣ እናቷ እሺ ትበል እምቢ፣ ልጅቷ አልሰማችም። ወይም ሰምታ ትኩሳቱ ወሰደባት።

ዓመት ሳይሞላ ቁም ሳጥኑም ተበላ። ቁማርተኞች መሸነፍን «መበላት» ነው የሚሉት። ግድግዳው ከተበላ በኋላ የሚደበቅ ወሬ ሊኖር አይችልም፤ ወሬም አልነበረም። ከዚያ አባትየው አንድ ቀን ፀጉሩን አበጥሮ፣ ለልጁ ሁለት እርሳስ ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ። አልተመለሰም። ልጅቷ አላለቀሰችም። እርሳሶቹን ቀረፀቻቸው።

እግዚአብሔር ከአንዱ ሲቀንስ በሌላው ይጨምራል። ከእሷ ከልቧ ላይ ቀንሶ ጆሮዋ ላይ ጨመረላት። በሠላሳ ዓመቷ የፊልም ድምፅ ቀጂ ነበረች። የቀረጻው ቡድን ስሟን ትቶ «ጆሮ» ነው የሚላት። ከሁለት ክፍል ወዲያ ያለ ማቀዝቀዣ ሲያጉረመርም ሰምታ ቀረጻ ታስቆማለች። ፊት ለፊቷ አንዲት ተዋናይ ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ ግን የሚያሳስባት ማይኩ ይቅረብ ይራቅ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የወደዳት ሰው «ካንቺ ጋር ማውራት ከመስኮት ጋር እንደማውራት ነው» ብሎ ተለይቷት ሄዷል። ነገሩን አሰበችበትና እውነቱን ነው አለች። በዚያው አለቀ።

በዚያ ዓመት የያዙት ፊልም የአንድ ቁማርተኛ ታሪክ ነበር። ሥራው እንደ ማንኛውም ሥራ ነው ብላ ተቀበለችው። ችግሩ የመጣው ከተዋናዩ እጅ ነው። መልኩ ያማረ፣ ዐይኑ የሚያሳዝን ልጅ፤ ካርታ ሲያስይዙት ግን ይበተንበታል።

«ወርቅ የሆነ ፊት ቀጥሬ እጁ የዶሮ እግር ሆነብኝ!» አለ ዳይሬክተሩ ጭንቅላቱን ይዞ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሲቆጣም የሚያስቅ ሰው ነበር። «እጅ አምጡልኝ! እጅ ብቻ! ሌላው አካል አያስፈልገኝም።»

በማግስቱ እጅ መጣ።

ሰውየው ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ድሮ ቁማርተኛ ነበር፤ ከተወ ሦስት ዓመቱ። ጣቶቹ ረጃጅምና ጸጥ ያሉ ናቸው። ካርታውን አንዴ በወዘው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እጁ ዞረ።

«ድምፁን ጆሮዬ ሥር እፈልገዋለሁ» አለ ዳይሬክተሩ። «ጆሮ! እጁ ላይ የምታስሪው ነገር የለሽም?»

ነበራት። የባቄላ ፍሬ የምታህል ማይክ፣ አስተላላፊዋ ክንዱ ላይ ታስሮ፣ ማይኳ ራሷ እጅጌው ውስጥ የእጁ አንጓ ላይ የምትለጠፍ። ልትለጥፍለት ቀረበች።

«ሰዓትዎን ያውልቁ» አለችው። «ምቱ ይገባብኛል።»

«ሰዓት ጠጋኝን ሰዓት ማስወለቅ ነውር አይደለም?»

«ነውር ነው። ያውልቁ።»

ሳቀና አወለቀ። ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ትንሽ ቆየች።

«አሁን ምን ይሰማል?»

«የደም ሥርህ» አለች፤ አንቱታውን መቼ እንደጣለችው ሳይታወቃት።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ይሄዳል።»

ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው፤ ሰው የሥራ ዕቃውን እንደሚያይ። ግን እይታዋ ከሚገባው ጥቂት ዘለግ አለ።

የመጀመሪያው ትዕይንት ማሸነፍ ነበር። በስክሪፕቱ ላይ ቁማርተኛው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ካርታውን ገልጦ ሲያሸንፍ ወንበሩን ገልብጦ ይጮሃል። ተዋናዩ ሁለት ጊዜ ወንበር ገለበጠ። ዳይሬክተሩ ግን አልጣመውም፤ ወደ ሰዓት ጠጋኙ ዞረ።

«አንተ ስትበላ እንዴት ነበር የምትሆነው? እስቲ አሳየው።»

«ምንም አልሆንም ነበር።»

«እንዴት ምንም?»

«እንዲህ።» ተቀመጠ። እጁን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ሁሉም ጠበቀ። ምንም አልመጣም።

«ኧረ ይሄ ሰው ሞተብኝ!» አለ ዳይሬክተሩ። ክፍሉ በሳቅ አወካ። «ወንድሜ፣ ተመልካች ትኬት የሚቆርጠው ተቀምጦ ያለ ሰው ሊያይ ነው? የሚቀመጥ ሰውማ ቤቱም አለው!»

«ፊልም ላይ ቁማርተኛ ሁልጊዜ ያልበዋል» አለ ሰዓት ጠጋኙ በቀስታ። «እኔን ያላበኝ የተውኩ ቀን ነው። ስጫወት እንደተኛሁ ነበርኩ። ስበላ ደስ አይለኝም፤ ጠረጴዛው ላይ ሌላ አንድ ሰዓት የምቆይበት አገኘሁ ማለት ነው። በቃ።»

ጆሮ እጇ የድምፁ መቆጣጠሪያ ላይ ቀረ።

የቁማርተኛ ፊልም በመጣ ቁጥር ብቻዋን ገብታ እንደምታይ ለሰው ተናግራ አታውቅም። አባቷን ነበር የምትፈልገው። በየፊልሙ ዝናብ አለ፣ መጠጥ አለ፣ በር ላይ የምታለቅስ ሴት አለች፣ መጨረሻ ላይ ሁሉን የሚመልስ አንድ ካርታ አለ። አባቷ የለም። አባቷ አላበውም፣ አልጠጣም፣ አልጮኸም። ወረፋ ጠብቆ እንደተመለሰ ሰው ደረቅ ፊት ይዞ ነበር ቤት የሚገባው። ያ ፊት፣ ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ አሁን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

የድምፅ ሰው አንድ ሕግ አለው፤ ዳይሬክተሩ ካቆመ ማዳመጫህን አውልቅ። ሰው ማይክ እንደለበሰ ይረሳል፤ የሚናገረው ደግሞ ያንተ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ማውለቁን ረሳች። አመሻሽ ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ ሁሉም ዕቃ ሲሰበስብ፣ ከእጅጌው ውስጥ ድምፁ መጣ። ደጅ ቆሞ ስልክ እያወራ ነው።

«ጋሼ? አልተጫወትኩም። ዛሬ አልተጫወትኩም! ... ኧረ አልተጫወትኩም ነው የምልህ! ... አይ፣ አልታመምኩም፤ አል-ተ-ጫ-ወ-ት-ኩም!» በመጨረሻ ድምፁ ዝቅ አለ። «አሜን። አሜን፣ ጋሼ።»

ሳታስበው ፈገግ አለች። በሁለተኛው ቀን አልረሳችም። እያወቀች አላወለቀችውም።

ቀን ቀንን ሲተካ፣ በእረፍት ሰዓት የገመድ ሣጥኖቹ ላይ ጎን ለጎን መቀመጥ ጀመሩ። ብዙ አያወሩም። አንድ ቀን «ለመቅዳት የሚከብድ ድምፅ የቱ ነው?» አላት።

«ሰው ሐሳቡን ሲቀይር» አለችው።

ሌላ ቀን፣ ከምን ተነስታ እንደሆነ ሳታውቀው፣ «አባቴ ቁማርተኛ ነበር» አለች።

ጣቶቹን አያቸው። «ሞተ?»

«አላውቅም። ሄደ።»

አይዞሽ አላለም። ይቅር በይው አላለም። ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ትልቁን ሰጣት።

ቅዳሜ ሱቁን እንድታይለት ለመናት። «ግን ለአንቺ ጆሮ መከራ ነው፤ ከአርባ ሰዓት በላይ አለ፤ ሁሉም ያወራል» ብሎ አስጠነቀቃት። ሄደች። ጠባብ ቤት፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሰዓት። በሩን ከፍታ ስትገባ ግን አንድም ድምፅ የለም። ቆማ አዳመጠች። ከጠዋት ጀምሮ አንድ በአንድ አቁሟቸው ነበር፤ ባለ ፔንዱለሙን በእጁ፣ ባለ ባትሪውን ባትሪውን እያወጣ።

«ሥራህን አበላሸህ።»

«ሰኞ አስነሳቸዋለሁ። የትም ቦታ ዝም ያለ ነገር አግኝተሽ የምታውቂ አልመሰለኝም።»

በዚያ ዝምታ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጡ፤ ስንት እንደሆነ የሚነግራቸው አልነበረም። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ የደነዘዘ እግር መመለስ ሲጀምር እንደሚነዝር። ደስታ ነው ለማለት አልደፈረችም።

በቀረጻው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዳይሬክተሩ በመጥፎ መንፈስ መጣ። ጨዋታው ውሸት መሰለው። «ዛሬ በእውነተኛ ብር ነው!» አለ። የዕለቱን ደመወዛቸውን ለሦስቱ አጃቢ ተዋንያንና ለሰዓት ጠጋኙ እጅ በእጅ ሰጠና ጠረጴዛው ላይ አስመደባቸው። «የተበላ ተበላ! ካሜራ!»

ሰዓት ጠጋኙ አንዴ ወደ እሷ አየ። እሷ ማዳመጫዋን አስተካከለች።

ካርታው ተበወዘ። በማይኩ ውስጥ የደም ሥሩ ይሄዳል። ይፈጥናል ብላ ጠበቀች። አልፈጠነም። ቀስ አለ። ከዚያም ይበልጥ ቀስ አለ፤ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው እንደሚሆነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሰውየው የት እየሄደ እንደሆነ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። «ድምፅ ተበላሽቷል፣ አቁሙ» ብትል ይቆም ነበር። አፏ አልተከፈተም።

በላ። ዳይሬክተሩ እያጨበጨበ ዘለለ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከእጅጌው ውስጥ ድምፁ መጣ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ተጫወትኩ። ... ተጫወትኩ። ... ተጫወትኩ ነው ያልኩት! ... አይ፣ ለፊልሙ ነው፤ ግን ለእኔ የፊልም የሚባል ጨዋታ የለም። ገባሁበት። እዚያው ነበርኩ።»

ከዚያ በኋላ አሜን አልመጣም። ማዳመጫዋን አውልቃ ገመዱን ጠቀለለችው፤ እንደሁልጊዜው፣ ሳይጣመም። ሐዘንም ንዴትም አልተሰማትም። ቁም ሳጥኑ የተበላ ቀንም እንዲሁ ነበረች።

በማግስቱ «ማይኩን ራስህ እሰረው» አለችው፤ ፊቷን ሳታዞር።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

ጥቂት ቆይቶ ወደ ድምፅ ክፍሏ ገባ። ማይኳን መዳፉ ላይ አድርጎ፣ አስተላላፊው ላይ የምትበራውን ትንሽ ቀይ መብራት እያሳያት።

«ይቺ ስንት ቀን ስትሰማኝ ነበር?»

«አሥራ ሁለት ቀን» አለች። ለመዋሸት አልከጀላትም። «ጥፋቱ የኔ ነው። መስማት አልነበረብኝም።»

«መስማትሽ አይደለም የከፋኝ። አሥራ አንዱን ቀን ሰምተሽ አጠገቤ ተቀመጥሽ። አሥራ ሁለተኛውን ሰምተሽ ጠፋሽ። እውነት የተናገርኩት ግን በአሥራ ሁለቱም ቀን ነው።»

የማዳመጫዋን ገመድ ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«ማታ ማታ የምደውልለት ጋሼ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ እሱም ድሮ እንደኔ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሰምቶኛል። አሁን ጆሮው እየሄደ ነው። ትናንት መንገድ ላይ ‘ተጫወትኩ’ እያልኩ ሦስት ጊዜ አስጮኸኝ፤ አንድ አላፊ ቆሞ ‘እሰይ፣ ጎል አገባህ?’ አለኝ።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «‘ልጄ፣ ሌላ ጆሮ ፈልግ’ ብሎኛል። እኔ ካንቺ ጆሮ ሌላ አላውቅም። ውደጂኝ ብዬ አይደለም የምለምንሽ፤ የምወድሽ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። በቀን አንዴ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ስሚኝ። ያለሱ እንደማልቆይ አውቀዋለሁ።»

«አልችልም» አለች።

«እሺ።» ማይኳን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ሰዓት እንደሚያስቀምጥ። ብሩን ለሦስቱ አጃቢዎች መልሶ፣ የመጨረሻውን የማሸነፍ ትዕይንት አልሠራም ብሎ ሄደ። ተዋናዩ ጓንት አጥልቆ ሠራው። «ጓንቱም ያምርበታል!» አለ ዳይሬክተሩ፤ ኑሮ ቀጠለ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ድምፁን ከምስሉ ጋር የሚያገጣጥሙበት ቀን ደረሰ። ከመጨረሻው ማሸነፍ በታች፣ ጩኸቱ ሥር፣ ያን ቀን የቀዳችውን የደም ሥር አስገብታው ነበር። ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም። ዳይሬክተሩ ጆሮውን ቀሰረ።

«ምንድነው ይሄ ድም... ድም... የሚለው? ልብ ይሰቅላል! ግን አፍጥኚው። ሰው ሲያሸንፍ ልቡ ይሮጣል እንጂ ያዘግማል እንዴ?»

«አይሮጥም» አለች።

«እንዴት አይሮጥም?»

«ቀስ ነው የሚለው። እኔ ሰምቼዋለሁ። ካፈጠንከው አወጣዋለሁ።»

አብረው በሠሩበት ስምንት ዓመት ውስጥ እምቢ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። ዳይሬክተሩ አፍጥጦ አያት፤ ከዚያ እጁን አነሳ። «እሺ በቃ። ጆሮዋ አንቺ ነሽ።»

ፊልሙ እንደ ፊልም አለቀ፤ ዝናቡም፣ ላቡም፣ በር ላይ የምታለቅሰውም ሴት በየቦታቸው ነበሩ። ከሁሉም ሥር ግን የአንድ ሰው እውነተኛ የደም ሥር ይሄዳል። ከስቱዲዮው ወጥታ ወደ እናቷ ሄደች።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ሱሪ እያሳጠረች ነበር፤ መርፌዎች በከንፈሯ ይዛ።

«እማዬ፣ አባዬ ‘ጠይቂኝ’ ያለሽ ምኑን ነበር?»

እናቷ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች።

«ሰምተሽ ነበር እንዴ? እኔ ተኝታለች ብዬ።»

«ግማሹን።»

«‘ማታ ማታ ስገባ ተጫወትክ ወይ ብለሽ ጠይቂኝ፤ እውነቱን እነግርሻለሁ’ አለኝ። እሺ አልኩት። አሥራ አራት ቀን ጠየቅኩት፤ አሥራ አራቱንም ‘አልተጫወትኩም’ አለኝ፤ እውነቱንም ነበር። በአሥራ አምስተኛው ‘ተጫወትኩ’ አለኝ። ልጄ፣ ሳህን ወረወርኩበት። ሦስት ቀን ሙሉ አላናገርኩትም። ከዚያ ወዲያ በጠየቅኩት ቁጥር ‘አልተጫወትኩም’ ነው መልሱ፤ ቁም ሳጥኑን ሰዎች ተሸክመው ሲወጡም ‘አልተጫወትኩም’።»

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

«ማን ጥፋቴ ነው አለ?» አለች እናቷ፤ ቆጣ ብላ። «ቁማሩ የሱ ነው። እኔ የምልሽ፣ ‘እሺ’ ያልኩት አሥራ አምስተኛው ቀን እንዳለ ሳላውቅ ነው። እሺ የምትይ ከሆነ ለአሥራ አምስተኛው ቀን በይ። ካልሆነ አትበይ።» መርፌዋን ብርሃን ላይ አንስታ ክር እየሰካች ጠየቀች። «ማን ነው?»

«ሰዓት ጠጋኝ።»

«እሱ እንኳን በሰዓቱ ይመጣ ይሆናል» አለች፤ የምታሳጥረውን ሱሪ ወደ ራሷ ሳበች።

የሰዓት ጠጋኙ ሱቅ በር ላይ ስትደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ከአርባ በላይ ሰዓት ሁሉም ያወራል። እሱ ከጠረጴዛው ኋላ ስልኩን በእጁ ይዞ ተቀምጧል፤ አይደውልም። ደረቅ ፊት ነበረው። ያን ፊት ስታውቀው፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች። መፍራቷ ራሱ ገረማት።

«ለማን ልትደውል ነው?»

ቀና አለ። ሊነሳ ብሎ ተወው። «ለማንም። ሰዓቱ ሲደርስ እጄ ያነሳዋል፤ ልማድ ሆኖበት።»

«ከዚያን ቀን ወዲህ?»

«አልተጫወትኩም። ትናንት ቁማር ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ነበር። ተመለስኩ። ዛሬም እመለሳለሁ ብዬ ግን አልምልልሽም።»

«አትማልልኝ።» ከፊቱ ያለውን በርጩማ ሳበችና ተቀመጠች። «አንድ ነገር ልንገርህ። ‘ተጫወትኩ’ ያልከኝ ቀን አለቅስ ይሆናል። ማልቀስ ስለማልችልበት አላውቀውም። እሰድብህም ይሆናል። ያንተ ጠባቂ አይደለሁም፣ የሚጠብቅህ ከላይ አለ። ስልኩን ግን አልዘጋም። እውነቱን እስከነገርከኝ ድረስ አልዘጋም።»

ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ጸጥ ብለው ቆዩ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ።

«አላበህ» አለችው።

«አዎ» አለ፤ በእጅጌው ጠረገው። «ከመቼ እንጀምር?»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

ዞር ብሎ ግድግዳውን አየ። አንዱ አሥራ አንድ ተኩል ይላል፣ አንዱ አምስት፣ አንዱ ለሦስት ሩብ ጉዳይ። «የትኛውን ልመንልሽ? ትክክል የሚሄደውን ባለቤቱ ይወስደዋል፤ እኔ ጋ የሚቀረው ያበደው ነው።»

ሳቀች። ድምፁ ለራሷ ጆሮ እንግዳ ነበር። ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለቱ መካከል አኖረችው።

«ደውል» አለች።

እፊቷ ተቀምጦ ደወለላት። ስልኳ ጠራ፤ አነሳችው።

«ዛሬ አልተጫወትኩም» አላት፣ በሁለቱም በኩል፤ በስልኩም በአየሩም።

«ሰማሁ።»

«ነገስ?»

እናቷ ከቁም ሳጥኑ ወዲያ ሆና ያለችውን ያን ቃል፣ አሥራ አምስተኛውን ቀን ከፊቷ አድርጋ አየችው።

«እሺ» አለች። «ነገም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አነሳዋለሁ።»